ማን ደረሰላት? «ካሚል»፣ «ላ ቦኤም» ወይስ «ላቭ»፦ ከሦስቱ ድምፅ አልባ የፍቅር ፊልሞች የቱን ቀድሞ ማየት ይሻላል

ሦስቱም ፊልሞች የሚያልቁት በአንዲት ሴት ሞት ነው፤ ሦስተኛው ሌላ መጨረሻም አለው፣ ቆይቼ እመጣበታለሁ። ይህን አስቀድሜ በመናገሬ ታሪኩን ያበላሸሁባችሁ አይምሰላችሁ። ፊልሞቹ የተሠሩባቸው መጻሕፍት ያኔም የታወቁ ነበሩና በዘመኑ ሲኒማ የገባው ተመልካች ማን እንደምትሞት እያወቀ ነበር ቲኬት የሚቆርጠው። ሊያይ የሚሄደው እንዴት እንደምትሞት፣ በዚያች ሰዓትም አጠገቧ ማን እንዳለ ነው። እኔም ሳወዳድራቸው የያዝኩት ሚዛን ይኸው ነው፦ የወደደችው ሰው ደረሰላት ወይስ አልደረሰላትም?

የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ታሪክ ያነበበ ሰው ይህ ጥያቄ ምን ያህል እንደሚከብድ አይጠፋውም። ሰብለ በዛብህን ነፍሱ ሳትወጣ አግኝታዋለች። እነዚያን ገጾች አውጥታችሁ መጽሐፉን አስቡት፤ ሐዘኑ ሌላ ዓይነት ሐዘን ይሆናል። ድምፅ አልባ ፊልም ደግሞ ስንብቱን በቃል ሊነግረን አይችልም። ያለው እጅ ነው፣ ዓይን ነው፣ አልጋና በር ነው። ስለዚህ አዘጋጁ ማንን በበሩ እንዳስገባና ማንን ውጭ እንዳስቀረ ከምንም በላይ ይናገራል።

የምናያቸው በ1921 የወጣው «ካሚል»፣ በ1926 የወጣው «ላ ቦኤም» እና በ1927 የወጣው «ላቭ» ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው። ሦስቱም አሜሪካ ውስጥ የተሠሩ ሲሆኑ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ከፈረንሳይ፣ ሦስተኛው ከሩሲያ መጽሐፍ የተወሰዱ ናቸው።

«ሮሚዮና ዡልየትስ የት ሄደ?» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ከበደ ሚካኤል ወደ አማርኛ ካመጡልን ወዲህ የእኛም ታሪክ ሆኗልና። በ1916 ሁለት የአሜሪካ ኩባንያዎች በአንድ ወቅት፣ እየተፎካከሩ፣ በዚሁ ተውኔት ላይ ትልልቅ ፊልሞች ሠርተው ነበር። ዛሬ ሁለቱም የሉም። የአንደኛው ኮከብ ቴዳ ባራ በ1917 «ካሚል»ንም ሠርታ ነበር፤ እሱም ጠፍቷል። የዚያ ዘመን ፊልም የሚታተምበት ናይትሬት እሳት የሚወድ ነገር ነው። በ1937 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሊትል ፌሪ በምትባል ከተማ የፎክስ ኩባንያ መጋዘን ሲቃጠል የባራ ፊልሞች ከሞላ ጎደል ሁሉም አብረው ሄዱ። እንግዲህ የምንመርጠው ጊዜና እሳት ካስተረፉልን ነው።

ከ«ካሚል» ልጀምር፤ በልቤ ትልቁን ቦታ የያዘው እሱ ነው።

የታሪኩ ሥር እውነተኛ ሴት ናት። ማሪ ዱፕሌሲ የምትባል፣ በባለጠጎች ገንዘብ የምትኖር የፓሪስ ዝነኛ ውብ፣ በ1847 በሳንባ ነቀርሳ ስትሞት ዕድሜዋ 23 ነበር። ፍቅረኛዋ የነበረው አሌክሳንደር ዱማ (ልጅየው) በማግሥቱ ዓመት ማርጌሪት ጎቲዬ ብሎ በልብ ወለድ አወጣት፤ በ1852 ደግሞ ያንኑ ታሪክ ለመድረክ አበቃው። በ1853 ቬርዲ «ላ ትራቪያታ» የተባለውን ኦፔራ የሠራው ከዚሁ ነው። አርማን የሚባል ወጣት ይወዳታል፣ እሷም የቀድሞ ኑሮዋን ትታ ትከተለዋለች። የአርማን አባት በስውር መጥቶ «የልጄን ሕይወትና የቤተሰቤን ስም አታበላሺ» ብሎ ይለምናታል። እሷም ምክንያቷን ሳትነግረው ትለየዋለች፤ እሱ የከዳችው መስሎት በሰው ፊት ያዋርዳታል።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ ልዩነት አለ። በተውኔቱና በኦፔራው አርማን በመጨረሻ ይደርሳል፣ ማርጌሪትም እሱ ባለበት ትሞታለች። በልብ ወለዱ ግን አይደርስም። ዱማ መጽሐፉን የጀመረው ከሞተች በኋላ ዕቃዋ በሐራጅ ሲሸጥ ነው። አርማን ለእሷ የሰጣት «ማኖን ሌስኮ» የተባለ መጽሐፍ በዚያው ሐራጅ ይወጣና የታሪኩ ተራኪ በ100 ፍራንክ ይገዛዋል።

የ1921ዱ ፊልም ከመድረኩ ይልቅ ወደ መጽሐፉ ያደላል። ማርጌሪትን የምትጫወተው አላ ናዚሞቫ ናት፤ በክራይሚያ ያልታ ተወልዳ፣ ሞስኮ በስታኒስላቭስኪ ቲያትር አልፋ፣ በኒውዮርክ መድረክ የኢብሰን ተውኔቶች ተዋናይት ሆና ስሟ የገነነ። አርማን ሩዶልፍ ቫለንቲኖ ነው፤ በዚያው ዓመት በሌላ ፊልም ገና ኮከብ መሆኑ ነበር። ፊልሙ ውስጥ ስትታመም፣ አበዳሪዎች ዕቃዋን ሊወስዱ ሲመጡ፣ የምትይዘው ያችን መጽሐፍ ነው። አርማን የለም። በሩ ይከፈታል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ፣ አይከፈትም። ናዚሞቫ ትዕይንቱን ለብቻዋ ፈልጋ ቫለንቲኖን አስወጥታዋለች ይባላል። ምክንያቱ ያም ይሁን ሌላ፣ ውጤቱ ልክ ነው። መጽሐፍ አቅፋ የምትሞት ሴት አይቼ የማውቀው በዚህ ፊልም ብቻ ነው፤ ባሰብኩት ቁጥር ጉሮሮዬን ይይዘኛል።

ፊልሙ ግን ለሁሉም ሰው አይሆንም። ታሪኩን ከ1840ዎቹ አውጥቶ ወደራሱ ዘመን አምጥቶታል። የቤቱን ውስጥ የነደፈችው ናታቻ ራምቦቫ በሮቹን፣ መስኮቶቹን፣ መጋረጃዎቹን ሁሉ ክብና ቅስት አድርጋቸዋለች። የናዚሞቫ ፀጉር እንደ ደመና ክምር ነው፤ አካሄዷም እንደ ጭፈራ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሃያ ደቂቃዎች የሚያይ ሰው «ይህ ሰው ሠራሽ ነገር ነው» ቢል አልፈርድበትም። እኔም ብዬ ነበር። ቆይቶ የገባኝ ነገር ቢኖር ያ ሁሉ ጌጥ የማርጌሪት የሥራ ልብስ መሆኑ ነው። ከአርማን ጋር ከከተማ ስትወጣ ጌጡ ይቀንሳል፣ ፀጉሯም ይረጋል፣ ፊቷ ይታያል። በዚያ የአርማን አባት ሲመጣ የምናየው ሌላ ሴት ነው። ያን ለውጥ እንድታዩት የመጀመሪያውን ክፍል መታገሥ ግድ ነው። ርዝመቱ 70 ደቂቃ ያህል ስለሆነ ትዕግሥቱ ብዙ አያስከፍልም።

በዚሁ ታሪክ ላይ የተሠሩ ሌሎች ድምፅ አልባ ፊልሞችም አሉ፤ በአጭሩ ልለፋቸው። ሳራ በርናርድ ከስልሳ ዓመቷ ካለፈች በኋላ የሠራችው አጭር የፈረንሳይ ፊልም በ1912 ለሕዝብ ታይቷል። ካሜራው ከፊት ለፊት ተተክሎ መድረክ እንደሚቀርጽ ሆኖ ነው የቀረበው፤ ለታሪክ ማስታወሻ እንጂ ለማልቀስ አይሆንም። ኖርማ ታልማጅ በ1926 የሠራችው ደግሞ እስከ እኛ የደረሰው ተጎድሎ ነው። የተጎደለ ፊልም ለጀማሪ አልመክርም።

ወደ «ላ ቦኤም» እንለፍ። ድምፅ አልባ ፊልም አይታ የማታውቅ እናት፣ እህት ወይም ጓደኛ ካለቻችሁ፣ አብራችሁ የምትቀመጡት ለዚህ ይሁን።

መሠረቱ ሄንሪ ሚርዤ ስለ ፓሪስ ድሃ የጥበብ ሰዎች የጻፈው መጽሐፍ ነው። ፑቺኒ በ1896 ቱሪን ላይ ያሳየው ኦፔራ ከዚሁ መጽሐፍ ነው የተወሰደው፤ ሆኖም ፊልሙ ሲሠራ የኦፔራው መብት በባለቤቶቹ እጅ ስለነበር ፊልሙን የሠራው ኩባንያ ኤም ጂ ኤም የፑቺኒን ሙዚቃ መጠቀም አልቻለም። በዚህ ምክንያት ታሪኩ ከኦፔራው ይለያል፤ እንዲያውም ለ«ካሚል» ይቀርባል። ሚሚ ልብስ ሰፊ ናት። የምትወደው ሩዶልፍ ተውኔት ይጽፋል። ለጋዜጣ በሚጽፈው ነገር የሚኖር ይመስለዋል፤ አሠሪው ግን አባሮታል። ሚሚ ይህን ደብቃው ሌሊት ሌሊት እየሰፋች የራሷን ገንዘብ «ከአሠሪህ ነው» እያለች ትሰጠዋለች። እንቅልፍ ማጣቱና ብርዱ ደረቷ ይገባል። እሱ ደግሞ በአንድ ባለጠጋ ቀንቶ ይጠላታል። ሁለቱም ሴቶች እውነቱን ደብቀው በሐሰት ተወቅሰዋል፤ ልዩነቱ ማርጌሪት የተለየችበትን ምክንያት፣ ሚሚ ደግሞ መድከሟን መደበቋ ነው።

ይህን ፊልም ከአክስቴ ጋር ነው ያየሁት። እንግሊዝኛ ስለማታነብ በመሃል የሚገቡትን ጽሑፎች ጮክ ብዬ ወደ አማርኛ እየመለስኩ አነብላት ጀመር። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ «ተው ልጄ፣ ይገባኛል» አለችኝ። እውነቷን ነበር፤ ሚሚን የምትጫወተው ሊሊያን ጊሽ ስትስል እኮ ትርጉም አያስፈልጋትም። ሚሚ በሻማ ብርሃን ስትሰፋ አክስቴ «ዓይኗ መጥፋቱ ነው» አለች፤ ሳሏ ሲበረታ «ይቺን ልጅ ሐኪም ቤት የሚወስዳት አንድ ሰው እንኳ የለም?» ብላ ተነሥታ ተቀመጠች። ሳንባ ነቀርሳን በቤታቸው ያዩ ሰዎች ይህን ፊልም ከእኔ በተሻለ ያነቡታል።

ስለ ጊሽ ትወና አንድ የታወቀ ታሪክ አለ። አዘጋጁ ኪንግ ቪዶር እንደተረከው፣ ለሞቷ ትዕይንት ስትዘጋጅ ለሦስት ቀን ምንም ፈሳሽ አልቀመሰችም፤ ከንፈሯና አፏ እንዲደርቅ ጥጥ ትይዝ ነበር። ሲቀረጽ ትንፋሿን ያዘችና በጣም ቆየች። ቪዶር በእውነት የሞተች መስሎት ደነገጠ፤ ሩዶልፍን የሚጫወተው ጆን ጊልበርት ጎንበስ ብሎ በቀስታ ስሟን እስኪጠራት ድረስ ዓይኗን አልገለጠችም። ይህን ሳያውቁ ማየት ይሻል ነበር ትሉኝ ይሆናል። እኔ አውቄም አይቼዋለሁ፣ አልቀነሰብኝም።

ለእኔ የፊልሙ ልብ ግን የሞቱ አልጋ አይደለም፤ ወደ አልጋው የሚወስደው መንገድ ነው። ሚሚ ጠፍታ በፓሪስ ድሃ ሰፈር ስትሠራ ቆይታ፣ መሞቷ መሆኑን ስታውቅ ወደ ሩዶልፍ ልሂድ ብላ ትነሣለች። መራመድ አትችልም። ግድግዳ ትደገፋለች፤ የጋሪና የሠረገላ ኋላ ይዛ በኮብልስቶኑ ላይ ትጎተታለች፣ ትወድቃለች፣ እንደገና ትይዛለች። እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ስንመለስ፣ በ«ካሚል» ማንም አልደረሰም፤ በ«ላ ቦኤም» የምትደርሰው እየሞተች ያለችው ራሷ ናት። ሩዶልፍ አለ፣ ጓደኞቹም አሉ፤ ግን መንገዱን ሁሉ የሄደችው እሷ ናት። አክስቴ መጨረሻ ላይ ያለችው ይህን ብቻ ነበር፦ «እሱ በእግሩ ይሄድ የለም እንዴ? ምነው እሷ መጣች?»

እንከንም አለው። ጊልበርት በደስታው ጊዜ ከመጠን በላይ ይዘላል፤ የሽርሽሩ ትዕይንትም ረዝሟል። ጊሽ ፍቅረኞቹ ባይሳሳሙ ናፍቆቱ ይበረታል ብላ አሳምና ነበር፤ ስቱዲዮው ግን አልወደደውምና የፍቅር ትዕይንቶች ተጨምረው ተቀረጹ። የእሷ ሐሳብ የተሻለ እንደነበር አምናለሁ። ከእቅፉ ይልቅ ተራርቀው የሚተያዩባቸው ቦታዎች ናቸው ልብ የሚነኩት። ርዝመቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል ትንሽ ያልፋል።

«ላቭ» ላይ ስደርስ መጠንቀቅ አለብኝ፤ ብዙ ሰው የሚመርጠው እሱን ነውና። ስሙ እንደሚለው «ፍቅር» ነው፤ የተሠራው ግን ከቶልስቶይ «አና ካሬኒና» ነው። ግሬታ ጋርቦ ባለትዳሯን አናን፣ ያው ጆን ጊልበርት ፍቅረኛዋን ቭሮንስኪን ሆነው ይጫወታሉ። ሁለቱ ከፊልም ውጭም ይዋደዱ ስለነበር ስቱዲዮው ስማቸውን ከርዕሱ ጋር አያይዞ «ጋርቦና ጊልበርት በፍቅር» ተብሎ እንዲነበብ አደረገ። እንደዚህ ባለ ስም የተሸጠ ፊልም ምን እንደሚያስቀድም መገመት አያዳግትም። በመጽሐፉ ከአና ታሪክ ጎን ለጎን የሚሄደው የሌሎቹ ጥንዶች፣ የሌቪንና የኪቲ ታሪክ በሙሉ ተቆርጧል። አናና ቭሮንስኪ እንደ መጽሐፉ በባቡር ጣቢያ አይተዋወቁም፤ በበረዶ ማዕበል መንገድ ላይ ነው የሚገናኙት። መጽሐፉን የምትወዱ ሰዎች ይህን ስታዩ ትናደዳላችሁ፤ ንዴታችሁም ተገቢ ነው።

ይህ ሁሉ ሆኖ ጋርቦ ከልጇ ጋር ያለችባቸው ትዕይንቶች ከቭሮንስኪ ጋር ካሉት ይበልጣሉ። ለልደቱ በስውር ወደ ቤት ገብታ ስታቅፈው እናት እንጂ ኮከብ አትታያችሁም። ፊልሙን የምመክረው ለእነዚያ ደቂቃዎች ስል ነው።

አደጋው መጨረሻው ላይ ነው። ኤም ጂ ኤም ሁለት መጨረሻ ቀርጾ ሲኒማ ቤቶች እንዲመርጡ ሰጠ። በአንደኛው አና እንደ መጽሐፉ በባቡር ትሞታለች። በሌላኛው ባሏ ይሞትና ከሦስት ዓመት በኋላ ከቭሮንስኪ ጋር ልጇ በሚማርበት የወታደር ትምህርት ቤት ተገናኝተው ይደሰታሉ። ይህንን አይታችሁ «አና ካሬኒናን አየሁ» እንዳትሉ አደራ! ቶልስቶይ አናን ብቻዋን ወደ ሐዲዱ ሲልካት ማንም እንዳይደርስላት አድርጎ ነው፤ ሥቃይዋን የሚያውቅ አንድም ሰው አጠገቧ የለም። ያን ብቸኝነት በመገናኘት መተካት መጽሐፉን መገልበጥ ነው። ስለዚህ ፊልሙን ከመጀመራችሁ በፊት ወደ መጨረሻው አምስት ደቂቃ አሳልፉና የትኛው ቅጂ እንደሆነ እዩ። ባቡር ካያችሁ ተመለሱና ከመጀመሪያው ጀምሩ። የተማሪ የደንብ ልብስ ካያችሁ ሌላ ቅጂ ፈልጉ። ሌላም ነገር፦ ተመልካች ባለበት አዳራሽ የተቀዳ ሙዚቃ ያለው ቅጂ ይዘዋወራል። በውስጡ የሰው ሳቅ ይሰማል፤ ለብቻ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ስሜቱን ይሰብራል።

እንግዲህ የቱን? መጀመሪያችሁ ከሆነ፣ ወይም ከሰው ጋር የምታዩ ከሆነ፣ «ላ ቦኤም»ን ውሰዱ። የዱማን መጽሐፍ ያነበባችሁ፣ «ላ ትራቪያታ»ን የሰማችሁ፣ ወይም ሥዕልና ንድፍ የምትወዱ ከሆነ «ካሚል» የእናንተ ነው፤ እኔ ሁለተኛ የማየው እሱን ነው። «ላቭ»ን ሦስተኛ አድርጉት፤ ጋርቦን ገና ካላወቃችኋት በተለይ፣ ከዚህ ፊልም አትጀምሯት። ያላችሁ ጊዜ አንድ ሰዓት ብቻ ከሆነና ሳል የሌለበት ሞት ከፈለጋችሁ ደግሞ ሴሲል ዴሚል በ1915 ያዘጋጀውን «ካርሜን» እዩ። የኦፔራ ዘፋኟ ጄራልዲን ፋራር ድምፅ በሌለበት ፊልም ካርሜንን ትሆናለች፤ ድምጿ ባይሰማም ጉልበቷ ይሰማል። በዚያ ፊልም የሚደርሰው ሰው ገዳዩ ነው።

ስለ አገኛኘታቸው ጥቂት ልበል። ሦስቱም በአሜሪካ የቅጂ መብት ዘመናቸው ስላለፈ በኢንተርኔት በነፃ ይገኛሉ፤ ግን ቅጂ ከቅጂ እጅግ ይለያያል። ፊት ነጭ ወረቀት መስሎ ዓይንና አፍ ብቻ የቀረበትን ቅጂ አትክፈቱት። በተለይ «ካሚል» ላይ የናዚሞቫ ዓይን ካልታየ ምንም አልታየም። ሰዎቹ እየሮጡ የሚሄዱ ከመሰላችሁ ጥፋቱ የተዋናዮቹ አይደለም። የዚያ ዘመን ካሜራ ብዙ ጊዜ በእጅ ይዞር ስለነበር ፍጥነቱ ከዛሬው ያንሳል፤ በዛሬው ፍጥነት ሲለቀቅ ሐዘኑ ሁሉ ወደ ቀልድ ይለወጣል። በዩቲዩብ የምታዩ ከሆነ ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉት፤ ሰዉ እንደ ሰው ይራመዳል።

ሙዚቃውም ይታሰብበት። ብዙ ቅጂ ላይ ያለው ሙዚቃ አንድ ሰው ከየትም ሰብስቦ የለጠፈው ስለሆነ ማርጌሪት ስትሞት የሠርግ ዋልትዝ የሚሰማበት አጋጥሞኛል። እንዲህ ሲሆን ድምፁን ዝጉና በዝምታ እዩት። በ«ላ ቦኤም» የፑቺኒን ሙዚቃ ከጎን ልክፈት የሚል ሐሳብ ይመጣባችኋል፤ እኔም ሞክሬው አልሠራም። የኦፔራዋ ሚሚ ጋሪ ይዛ አትጎተትም፤ ለዚያ መንገድ ፑቺኒ የጻፈው ዜማ የለም።